ምጣድ አይሳሳትም፣ አለቃ ይሳሳታል

ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ ሦስት ጊዜ በስልኬ ደረሰኝ። የላኩልኝ ሦስቱም አለቆች ናቸው። አንዱ ከሥሩ «አንጀት አርስ!» ብሎበታል። ተራ ሠራተኛ የሆነ ሰው ግን አልላከልኝም።

የጻፉት የአንድ ማምረቻ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ጉዳያቸው የሠራተኛ ቅጣት ነው። ሐሳባቸው ባጭሩ እንዲህ ነው። ሠራተኛ የሚያጠፋው አለቃ ስለሚለሳለስ ነው። ቅጣት እዚያው በዚያው ካልሆነ ቅጣት አይባልም። ሠራተኛን ጠርቶ መጠየቅ፣ ደብዳቤ መጻጻፍ፣ ኮሚቴ መሰብሰብ ጊዜ መግደል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም የአሠሪውን እጅ አስሯል።

መዝጊያ ያደረጉት አንድ ታሪክ አለ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ለማንም ሳይናገሩ ወደ ድርጅታቸው ሄዱ። የበሩን ጥበቃ እንቅልፍ ወስዶታል። ቀስቅሰው እዚያው አሰናበቱት። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በቦታው ሌላ ሰው ቆሟል። በዚህ ታሪክ በጣም ይኮራሉ። እመለስበታለሁ።

እኔ በሰው ኃይል አስተዳደር 13 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሁለት ፋብሪካና አንድ ሆቴል። ማስጠንቀቂያ ጽፌያለሁ። የስንብት ደብዳቤ ጽፌያለሁ። የሥራ ክርክር ችሎት ቆሜ አሸንፌያለሁ፣ ተሸንፌያለሁ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ሠራተኛ አይነካ ለማለት አይደለም። የኔም እንጀራ ከዚሁ ከመቅጠርና ከማሰናበት ነበር። ጽሑፋቸውን እንደ አቀራረባቸው ልከተለው።

የሚጀምሩት በምጣድ ነው። የጋለ ምጣድ የነካ ሰው ወዲያው ይቃጠላል፤ ምጣዱ ስብሰባ አይጠራም፣ ምክንያትህ ምንድን ነው ብሎም አይጠይቅም ይላሉ። ምሳሌው ከዚህ በፊትም የነበረ ነው። በማኔጅመንት ትምህርት ውስጥ «የጋለ ምድጃ ሕግ» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ስሙ የሚነሣው ዳግላስ ማክግሪገር ከሚባለው አሜሪካዊ ምሁር ጋር ነው። ምድጃውን ወደ ምጣድ መቀየራቸውን ወድጄዋለሁ። ለኛ ይቀርባል። ነገር ግን ከምድጃው አራት ጠባዮች አንዱን ይዘው ሦስቱን ጥለዋል።

ምድጃው መጀመሪያ ያስጠነቅቃል። መጋሉ ይታያል፣ ወላፈኑ ከሩቅ ይሰማል። ቀጥሎ፣ ሲነኩት ወዲያው ያቃጥላል። ደግሞም ሁልጊዜ ያቃጥላል፤ ሰኞ አቃጥሎ ማክሰኞ አይምርም። በመጨረሻም ማንንም ያቃጥላል፤ የባለቤቱን የእህት ልጅ ጭምር። ጸሐፊው የወደዱት «ወዲያው» የምትለዋን ብቻ ነው። ሌሎቹ ሦስቱ ሥራ ይፈልጋሉ። ደንብ አስቀድሞ መጻፍና ማሳወቅ ይፈልጋሉ። የእህት ልጅ ሲያጠፋም ዓይንን አለመጨፈን ይፈልጋሉ።

እንጀራ የጋገረ ሰው ደግሞ ሌላም ነገር ያውቃል። ምጣድ ማን እንደነካው አይሳሳትም። የሚቃጠለው የነካው እጅ ነው። አለቃ ግን ይሳሳታል። አንዳንዴ ያልነካውን፣ ከአጠገቡ የቆመውን ያቃጥላል።

ሁለተኛው ነጥባቸው ከዚህ ጋር ይያያዛል። ማስረጃው ግልጽ ከሆነ ሠራተኛውን መጠየቅ ድራማ ነው ይላሉ። እኔ ደግሞ በ13 ዓመት ውስጥ የፈራሁት ማስረጃ ቢኖር ይኸው «ግልጽ ነው» የሚባለው ነው።

አንድ ቀን ከመጋዘን 12 ጣቃ ጨርቅ ጎደለ። የመጋዘን ኃላፊው ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ትልቅ ሰው ነበሩ። የምርት ኃላፊው ዛሬውኑ ይባረሩ አለ። ማስረጃው ግልጽ ነው። ቁልፉ በሳቸው እጅ ነው፤ ጨርቁ የለም። ያን ቀን ሲወጡ በር ላይ አስቁሞ አስፈተሻቸው። ፈረቃ የሚቀያየረው ሠራተኛ በሙሉ ቆሞ ያያል።

በማግስቱ እኔ ያደረግኩት ነገር ትንሽ ነው። አንድ ወረቀት ሰጠኋቸውና «ጋሼ፣ የሚያውቁትን ይጻፉልኝ» አልኳቸው። ግማሽ ገጽ ጻፉ። ሐሙስ ማታ የሌሊት ፈረቃ አለቃው ቁልፉን ከሳቸው ወስዷል። የወጪ ደረሰኝ ጥራዙንም አብሮ ወስዷል። የፈረቃ አለቃውን ጠርተን ሎከሩ ሲከፈት ጥራዙ እዚያ ተኝቷል። 12ቱም ጣቃ በአግባቡ ተመዝግቦ ወደ መቁረጫ ክፍል ወጥቷል። ጨርቁ ተሰፍቶ አልቋል። አንድም የሰረቀ ሰው የለም። የፈረቃ አለቃው ጥራዙን መመለስ ረስቶ ነው።

ነገሩን ለማጣራት የፈጀው ሁለት ቀን ነው። ጋሼ ሥራቸው ላይ ቆዩ። ከዚያ በኋላ ግን በዚያ በር ሲወጡ ቦርሳቸውን ራሳቸው ከፍተው ያሳያሉ። ማንም ሳይጠይቃቸው። ጥበቃዎቹ «ኧረ ይለፉ ጋሼ» ይሏቸዋል። እሳቸው ከፍተው ያሳያሉ።

ወደ ሕጉ ስንመጣ ለጸሐፊው አንድ ነገር ልስጣቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ የግድ የዲሲፕሊን ኮሚቴ አቋቁሙ አይልም። የአሠራሩን ዝርዝር አሠሪውና የሠራተኛ ማኅበሩ ለሚፈራረሙት ኅብረት ስምምነትና ለድርጅቱ የሥራ ደንብ ትቶታል። ነገር ግን ኢትዮጵያ የሥራ ውል ስለማቋረጥ የወጣውን የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 158 በ1983 ዓ.ም. አጽድቃለች። የዚህ ስምምነት አንቀጽ 7 በጠባዩ ወይም በሥራ አፈጻጸሙ የተነሣ የሚሰናበት ሠራተኛ መጀመሪያ ራሱን የመከላከል ዕድል ይሰጠው ይላል። አሠሪው ይህን ሊያደርግ በማይችልበት ሁኔታ ካልሆነ በቀር። ሕገ መንግሥታችን ደግሞ በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 አገሪቱ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። ስለዚህ መስማት የፈረንጅ ቅንጦት አይደለም። ኮሚቴም አይፈልግም። አንድ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ ይበቃዋል።

ጸሐፊው ሌባው መጋዘኑ ውስጥ እየሠራ እኔ ሳጣራ ልቀመጥ ወይ ብለው ጠይቀዋል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱም ሕጉ ውስጥ አለ። በኅብረት ስምምነት ከተወሰነ ሠራተኛውን ከስንብት በፊት እስከ 30 የሥራ ቀናት ማገድ ይቻላል። እገዳ ቅጣት አይደለም፤ ነገሩ እስኪጣራ እጅን ከንብረቱ ማራቅ ነው። እሳቸው የፈለጉትን ፍጥነት ሕጉ በዚህ በኩል ሰጥቷቸዋል።

ቀጥለው የሠሩት የቋንቋ ስሕተት ነው። እሳቸው ብቻ አይደሉም የሚሳሳቱት፤ ጠበቃ ሲሳሳት ሰምቻለሁ። የአዋጁ አንቀጽ 27 የሥራ ውልን «ያለማስጠንቀቂያ» ስለማቋረጥ ይናገራል። ጸሐፊው ይህችን ይዘው፣ ሕጉ ራሱ ያለማስጠንቀቂያ አሰናብት ካለኝ ለምን ብዬ አስጠነቅቃለሁ ይላሉ።

ማስጠንቀቂያ የሚለው ቃል እዚህ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንዱ ሁላችንም የምናውቀው፣ «ሁለተኛ እንዳይለምድህ» የሚለው ደብዳቤ ነው። ሌላው ውሉ ከመቋረጡ በፊት የሚሰጥ የጊዜ ገደብ ነው። የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ እስከ 1 ዓመት ላገለገለ 1 ወር ነው። ከ1 እስከ 9 ዓመት ለሆነው 2 ወር፣ ከ9 ዓመት በላይ ለሆነው 3 ወር። አንቀጽ 27 የሚያስቀረው ይህን የጊዜ ገደብ ነው። የመጀመሪያውን ደብዳቤ አላስቀረም። እንዲያውም የዚያው አንቀጽ መነሻ ላይ ያሉትን ሁለት ምክንያቶች ያንብቧቸው። በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደ፣ በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን የቀረ። ሁለቱም ላይ «በጽሑፍ እየተነገረው» የሚል ሐሳብ አለ። ሳይነገረው ያረፈደ ሰው 20 ጊዜም ቢያረፍድ በዚህ አንቀጽ አይሰናበትም።

የሙከራ ጊዜ ላይ ያለን ሠራተኛ እንደፈለግን እናባርራለን የሚለውንም በዚሁ ልለፈው። የሙከራ ጊዜ ራሱ በጽሑፍ ካልተስማሙበት የለም። ከ60 የሥራ ቀንም አይበልጥም። የሚሰናበተውም ለሥራው ብቁ ሆኖ ካልተገኘ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጸሐፊው ስለ 30 ቀን አምርረው ያለቅሳሉ። አንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 3 አሠሪው ያለማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብቱን በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመበት ያጣዋል ይላል። ይህ ለአሠሪ የተጠመደ ወጥመድ ነው፣ ስርቆቱን ከሁለት ወር በኋላ ባገኘውስ ይላሉ።

ስርቆቱን ከሁለት ወር በኋላ ካገኙት ቆጠራው የሚጀምረው ካገኙት ቀን ነው። ሕጉ የሚቆጥረው ጥፋቱ ከተፈጸመበት ሳይሆን አሠሪው ካወቀበት ቀን ጀምሮ ነው። ደግሞ የሥራ ቀን ነው የሚቆጠረው። በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ ፋብሪካ 5 ሳምንት ይሆናል። 5 ቀን ለሚሠራ ቢሮ 6 ሳምንት።

እና አንድ ነገር አልገባኝም። በዚያው ጽሑፋቸው ከሦስት አንቀጽ በፊት ቅጣት ከአንድ ሰዓት በላይ ሊቆይ አይገባም ያሉት እሳቸው ናቸው። አሁን ደግሞ 5 ሳምንት አነሰኝ ይላሉ። ምጣዱ የት ገባ?

የገባበትን እኔ አውቃለሁ። መሳቢያ ውስጥ ነው። ልንገራችሁ።

በሠራሁበት በአንደኛው ፋብሪካ አንድ ፎርማን ከሥሩ የሚሠራን ወጣት በጥፊ መታው። ሦስት ሰው አይቷል። በማግስቱ ምስክሮቹን አናግሬ፣ የፎርማኑን መልስ በጽሑፍ ተቀብዬ፣ ለዋና ሥራ አስኪያጁ ማስታወሻ ጻፍኩ። ሥራ አስኪያጁ አነበበው። «ሰውየው የቆየ ሰው ነው፤ ትንሽ ይቆይ እስኪ፣ አናስቀይመው» አለኝ። ከዚያ ለኤግዚቢሽን ውጭ አገር ሄደ። ከዚያ በዓል መጣ። ማስታወሻዬ መሳቢያ ውስጥ ቀረ።

ሦስት ወር አለፈ። ፎርማኑና ሥራ አስኪያጁ በትርፍ ሰዓት ክፍያ ተጣሉ። ከባድ ጭቅጭቅ ነበር፤ ከቢሮው ውጭ ይሰማል። ከሰዓት በኋላ ተጠራሁ። ሥራ አስኪያጁ ማስታወሻዬን ከመሳቢያው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል። «ይኼን አሁን ጨርሺው» አለኝ። ጊዜው አልፏል፣ ፍርድ ቤት አያስኬደንም አልኩት። «አንቺ የሱ ጠበቃ ነሽ እንዴ?» አለኝ። የስንብት ደብዳቤውን ጻፍኩት። ያኔ አልጽፍም ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

ተሸነፍን። ዳኛዋ ጥፊው ነበር አልነበረም ወደሚለው እንኳን ብዙም አልገቡም። የጠየቁት መቼ ዐወቃችሁ ብለው ነው። የኔ ማስታወሻ ቀን አለው። ከኔ ፊርማ በላይ ምስክር አያስፈልግም ነበር። ፎርማኑ ወደ ሥራው እንዲመለስ፣ ውዝፍ ደሞዙም እንዲከፈለው ተወሰነ። በሕጉ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እስከ 6 ወር የሚደርስ ውዝፍ ሊያስከፍል ይችላል። ሰውየው ሰኞ ጠዋት ያንኑ ቱታውን ለብሶ ገባ።

የተመታው ልጅስ? የስንብት ደብዳቤው ሲጻፍ እሱ ሥራውን ከለቀቀ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ታዲያ ያ ደብዳቤ ለማን ነበር የተጻፈው? ለጥፊው እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ለጭቅጭቁ ነው።

የኛ አገር መሥሪያ ቤት ቅጣት የሚዘገየው በሕግ ምክንያት አይደለም የምለው ለዚህ ነው። የሚዘገየው በይሉኝታ ነው። አለቃው ጥፋቱን በጊዜው ፊት ለፊት መናገር ይከብደዋል። «ይቅር፣ ሰው ምን ይለኛል» ይላል። ከዚያ ይጠራቀማል። ከዚያ አንድ ቀን በሌላ ነገር ሲናደድ ሁሉም ባንድ ላይ ይፈነዳል። ይሉኝታና ቁጣ ሲፈራረቁ መሐል ላይ ሊኖር የሚገባው ተራ ንግግር ይጠፋል። «ትናንት እንዲህ አድርገሃል፤ ምን ትላለህ?» የሚለው ንግግር።

ጸሐፊው ሽማግሌ መላክን ሲነቅፉ ግማሽ እውነት አላቸው። ሠራተኛው አጥፍቶ ሲያበቃ አጎቱን፣ የሰፈሩን ሰው፣ አንዳንዴም የንስሐ አባቱን ይዞ ይመጣል። አለቃው ይሸነፋል። እኔም ቢሮዬ ድረስ የመጡ ሽማግሌዎችን ቡና ጋብዤ ሸኝቻለሁ። ሽምግልናውን አልጠላም። ጥፋት የሚባለው ሁሉ በስንብት ማለቅ የለበትም። ችግሩ የሚመጣው ይቅርታው ሳይጻፍ ሲቀር ነው። ያኔ ጥፋቱ ተሰረዘ ወይስ ተቀመጠ፣ ማንም አያውቅም። ይቅርታ ከተደረገ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ጥፋት፣ በዚህ ምክንያት ታልፏል» ተብሎ ፋይሉ ላይ ይግባ። እዚያ ላይ ነገሩ ያልቃል። በኋላም ማንም መሳቢያ ከፍቶ አያወጣውም።

ሰዓት የሚቆጠረው በአሠሪው ላይ ብቻ እንደሆነ መጻፋቸውም ልክ አይደለም። ያለአግባብ ተሰናበትኩ፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ሠራተኛ በ3 ወር ውስጥ ካልከሰሰ መብቱ ይቀራል። «ዛሬ ነገ ይጠሩኝ ይሆናል» እያለ ቤቱ ተቀምጦ 3 ወሩ ያለፈበት ሰው ብዙ አይቻለሁ። ለነሱ ማንም ጽሑፍ አልጻፈላቸውም።

አምስተኛው ነጥብ ከሁሉም ይበልጥ ያስገረመኝ ነው። ለአለቆች ምክር ይሰጣሉ። ማስታወሻ ደብተር ይኑራችሁ፣ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ጥፋት ዝም ብላችሁ መዝግቡ፣ ቀኑ ሲደርስ ሁሉንም አውጡት ይላሉ። ይህ የዱቤ መዝገብ ነው። ልዩነቱ፣ የሱቅ ዱቤ ሲሆን ተበዳሪው መበደሩን ያውቃል።

ለዘገየ ሰው በዘገየበት ሳምንት የሚሰጥ ወረቀት ሰውየውን ሊያስተካክል ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይኸው ነው። ከ5 ወር በኋላ የሚወጣ ደብተር ግን ማንንም አያስተካክልም። ማሰናበቻ ብቻ ነው።

ደብተሩ ወደ ችሎት ሲሄድ ምን እንደሚሆንም አይቻለሁ። ተራዬን ስጠብቅ ከኔ በፊት የነበረው ክርክር ነው። አሠሪው ሦስት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አቀረበ። ሦስቱም የተለያየ ቀን አላቸው። ቀለማቸው አንድ ነው፣ የእጅ ጽሑፉ አንድ ነው፣ ሦስቱም ላይ «አልፈርምም ብሏል» ይላል። ዳኛው ሁለተኛውን ደብዳቤ አንስተው ቀኑን ጮክ ብለው አነበቡ። ጥር 11 ይላል። «በጥምቀት ዕለት ሠራተኛው ቢሮ ምን ሊሠራ መጣ?» አሉ። የአሠሪው ጠበቃ ወረቀቱን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየው። ችሎቱ ውስጥ ሳቃችንን መዋጥ አልቻልንም።

ስለ ገንዘብ ቅጣትም ጽፈዋል። በሳቸው ድርጅት 15 ደቂቃ የዘገየ ሠራተኛ የግማሽ ቀን ደሞዝ ይቆረጥበታል። ደንቡ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ ማንም አልተቃወመም ይላሉ። ሒሳቡን እንሥራው። ግማሽ ቀን 4 ሰዓት ነው። 4 ሰዓት ውስጥ 16 ሩብ ሰዓት አለ። ስለዚህ ሰውየው ያልሠራው አንድ ሩብ ሰዓት ሆኖ የተወሰደበት የ16 ነው። የቀሩትን 15 ሩብ ሰዓቶች በነፃ ሠርቷል ማለት ነው።

ሕጉ ከደሞዝ ላይ መቁረጥን ጨርሶ አልከለከለም። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ይቻላል። በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደሞዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት የሥራ ደንብ ነው ወይስ ወረቀት ነው የሚለውን ለጠበቃቸው እተወዋለሁ። ማንም አልተቃወመም የሚለውን ግን አትመኑ። የ15 ደቂቃ መዘግየት የግማሽ ቀን ደሞዝ የሚያስቆርጥ ከሆነ፣ ሠራተኛው 15 ደቂቃ እንደዘገየ ሲያውቅ ከመንገድ ይመለሳል። «ከገባሁም ያው፣ ከቀረሁም ያው» ይላል። ሆቴሉ ውስጥ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ቅጣቱን ባነሣን በሁለተኛው ወር የማብሰያ ክፍሉ የጠዋት መቅረት ቀነሰ።

እኩልነት ላይ ብዙ አልቆይም። በአንድ ገጽ ላይ ደንብ ለሹፌሩም ለሥራ አስኪያጁም አንድ ነው ይላሉ። ገጹን ስትገልጡት ደግሞ ምትክ የማይገኝለት ባለሙያ ሲያጠፋ «በዘዴ» ይያዝ ይላሉ። ሠራተኛ ይህቺን ዘዴ በአንድ ቀን ይረዳታል። ምሳ ሰዓት ላይ ሌላ ወሬ የለም። እርግጥ ተመሳሳይ ጥፋት ሁሉ ተመሳሳይ ቅጣት ይሰጠው ማለቴ አይደለም። የመጀመሪያ ጥፋትና አምስተኛ ጥፋት አንድ አይደሉም። ልዩነቱ ግን ከፋይሉ ይምጣ፤ ማሽኑን የሚጠግነው እሱ ብቻ ስለሆነ አይሁን።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የራሳቸው አዋጅ ስላላቸው እዚህ አላነሣኋቸውም። ጸሐፊው ሁለቱን ቀላቅለዋል፤ ያ ለብቻው ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ወደ ጥበቃው ልመለስ።

ጥበቃ ተረኛ ሆኖ መተኛቱ ከባድ ጥፋት ነው። በሠራሁባቸው ቦታዎች ኅብረት ስምምነቱ ላይ በስሙ ተጽፎ ነበር። እኔ ብሆንም ዝም ብዬ አላልፈውም። ሌሊቱን እዚያው ሌላ ሰው በሩ ላይ እንዲቆም ማድረጋቸውም ልክ ነው። ያን ያህል ድረስ ከሳቸው ጋር ነኝ።

ከዚያ በኋላ ግን የምጠይቃቸው ነገሮች አሉኝ። ያ ሰው ሥራ የገባው ስንት ሰዓት ላይ ነው? መደበኛ የሥራ ሰዓት በሕጉ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የጥበቃ ሥራ ግን በብዙ ቦታ 24 ሰዓት ገብቶ 24 ሰዓት ማረፍ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የሚቀይረው ሰው መጥቶ ነበር ወይስ ቀርቶበት ደርቦ ነው ያደረው? ከዚያ በፊት ተኝቶ ተገኝቶ ያውቃል? አሞት ነበር? የስንብት ምክንያቱና ቀኑ የተጻፈበት ደብዳቤ ተሰጥቶታል ወይስ በቃል ብቻ ነው ሂድ የተባለው? አንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 2 ያንን ደብዳቤ ይጠይቃል። ይህን ሁሉ ለመጠየቅ አንድ ጠዋት ይበቃል። 30 ቀን አያስፈልግም።

ጽሑፋቸውን ሁለተኛ ጊዜ ያነበብኩት ይህን ፍለጋ ነው። ታሪኩ በደንብ ተጽፏል። የመኪናቸው መብራት በሩ ላይ ማረፉ አለ። ብርዱ አለ። ስንት ጊዜ ክላክስ እንዳደረጉ አለ። ሰዓታቸውን አይተው 9 ከ10 እንደሚል ማረጋገጣቸው እንኳን አለ። ጥበቃው የተናገረው ግን አንድም ቃል የለም።